የተራራ ቢላ እጀታ፦ ቀንድ፣ ጎማ ወይስ እንጨት? ቀለሙስ?

ጥያቄው የመጣው ከአዘዞ ነው። «ጋሼ፣ ወደ ስሜን ተራሮች እንግዶችን የሚወስድ ሰው ረዳት ሆኜ መሥራት ጀምሬያለሁ። የራሴ ቢላ ስለሌለኝ ሁለት አማራጭ አገኘሁ። አንደኛው ሱቅ ያለ፣ ጥቁር የጎማ እጀታ ያለውና የወታደር የሚመስል ነው። ሌላውን ቀጥቃጭ ሊሠራልኝ ነው፤ እጀታውን በበሬ ቀንድ አደርግልሃለሁ ብሎኛል። አንድ ጓደኛዬ ብርቱካናማ እጀታ ፈልግ ይለኛል። ሌሎቹ ደግሞ ደማቅ ቀለም አውሬ ይጠራል፣ እንጨትም ዝናብ ላይ ይበሰብሳል ይላሉ። የትኛውን ልያዝ?»

ጥቁሩንም ቀንዱንም አትግዛ። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ፤ እሱን ከያዝክ ነገ ሌላ ቢላ ፊትህ ሲቀርብ ራስህ ትመርጣለህ።

ብዙ ሰው ቢላ ሲገዛ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳበስ አድርጎ ይከፍላል። እጀታውን የሚያየው ለውበቱ ነው። ስለት ግን ቢደንዝ ሞረድ አለ፣ ድንጋይ አለ። እጀታ ካዳለጠ ጣትህ ቀጥታ ወደ ስለቱ ይሄዳል። ተራራው ላይ ካለችው ከጨነቅ ካምፕ እስከ ደባርቅ ሐኪም ቤት ያለውን መንገድ ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ።

የምትሠራበትን ቦታ አስበው። ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። የሳንቃበር ካምፕ 3,250 ሜትር ገደማ ነው። የግጭና የጨነቅ ካምፖች 3,600 አካባቢ ናቸው። ራስ ዳሸን ከ4,500 ይበልጣል። በበጋው ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ በክረምቱ ዝናብና ጉም ይፈራረቃሉ። እዚያ ላይ ቢላ የምትጨብጠው በሞቀና በደረቀ እጅ አይደለም። ጣትህ በብርድ ደንዝዟል፤ መዳፍህ በጭቃ ወይም በሥጋ ቅባት ርሷል። ስለዚህ መመዘኛው አንድ ነው፦ የረጠበና የደነዘዘ እጅ ይህን እጀታ መያዝ ይችላል ወይ? ሱቅ ውስጥ፣ በደረቅ እጅ፣ ሁሉም እጀታ ጥሩ ነው።

ከእጀታው በፊት በውስጡ ያለውን እንይ። የስለቱ ብረት እጀታው ውስጥ የሚገባ ጭራ አለው። በገበያ ቢላዎች ላይ ይህ ጭራ አብዛኛውን ጊዜ አጭርና ቀጭን ነው። ቀጥቃጩ በእሳት ያግለውና እንጨቱ ወይም ቀንዱ ውስጥ ይሰካዋል። ለሽንኩርትና ለሥጋ ይህ ይበቃል። ጭራሮ ለመፍለጥ ጀርባውን ስትመታው ግን መወዛወዝ ይጀምራል፤ አንድ ቀን እጀታው እጅህ ላይ ቀርቶ ስለቱ ይወድቃል። አንተ የሚያስፈልግህ ጭራው እንደ እጀታው ሰፊና ረጅም የሆነ ቢላ ነው። እጀታው በግራና በቀኝ ሁለት ቁራጭ ሆኖ፣ መሐል ላይ ብረቱን ይዞ በሪቬት፣ ማለትም ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚያዝ ሚስማር፣ ይታሰራል። እንዲህ ከሆነ የብረቱ ጠርዝ በእጀታው ዙሪያ ለዓይን ይታያል። ብረት ስለሚጨምር ዋጋውም ይጨምራል። እዚህ ላይ አትሰስት። ጭራው ደካማ ከሆነ የቀረው ምርጫ ሁሉ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ቀንዱ እንምጣ። የበሬ ቀንድ ሲወለወል ያምራል፤ ለዋንጫም ለጌጥ ቢላም ይሆናል። ለዝናብና ለውርጭ ግን አይሆንም። ቀንድ የተሠራው እንደ ጥፍር ከኬራቲን ነው። ውኃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በክረምቱ ያበጠው ቀንድ የኅዳር ደረቅ ነፋስ ሲመታው ይሰበሰባል። ያኔ በብረቱና በቀንዱ መካከል ፀጉር የምታክል ክፍተት ትፈጠራለች። ሰው አያያትም፤ ውኃ ግን ያገኛታል። በሚቀጥለው ዝናብ ገብቶ እዚያው ይተኛል። ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል፤ ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀንዱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። መጀመሪያ የምታየው መጋጠሚያው ላይ ቡናማ መስመር ነው። ቀጥሎ ሪቬቱ አጠገብ ስንጥቅ ይመጣል። ለጥገና የሚመጡልኝን እንዲህ ያሉ እጀታዎች ስፈታ፣ ውጪው እያብረቀረቀ ውስጥ ያለው ጭራ በዝገት ተበልቶ አገኘዋለሁ። በዚያ ላይ የተወለወለ ቀንድ በረጠበ እጅ ያሟልጫል። ያለ ጥቅም ካስቀመጥከውም ነፍሳት ይበሉታል።

ስለ ቀንድ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ቸል አትበላቸው። በድንገት ከሞተ ወይም ምን እንደገደለው ካልታወቀ ከብት የተወሰደ ቀንድ አትንካ፣ አታስቆርጥም። የአባ ሰንጋ ተሕዋሲ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ በቆዳ፣ በፀጉርና በአጥንት ላይ ለዓመታት መቆየት ይችላል። ቀንድ ሲፋቅ የሚነሳው ብናኝ ደግሞ በአፍንጫ ይገባል። ሌላው የዋልያ ቀንድ ነው። ድሮ ለመጠጫ ዋንጫ ይሠራ ነበር። ዛሬ ግን ዋልያ ከስሜን ተራሮች ውጭ በዓለም ላይ የትም የለም። አንድ ሰው «አሮጌ ነው፣ ከአያቴ የወረስኩት ነው» ብሎ ቢያቀርብልህ ዋጋውን እንኳ አትጠይቅ። ሕገወጥ ነው። እንግዳ የሚያየው ቢላ የዋልያ ቀንድ እጀታ ካለው ሥራህም ያበቃል።

የጥቁሩ የጎማ እጀታ ነገር ትንሽ ይለያል። ጎማ ሲረጥብ አያዳልጥም፤ ብርድም ወደ መዳፍ አያስተላልፍም። ሰዎች የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ችግሩ ርካሹ ጎማ ዕድሜ የለውም። ፀሐይ ሲከርምበት ወይ ይሰነጣጠቃል፣ ወይ መጣበቅ ይጀምራል። ተራራ ላይ ደግሞ ይህ ይፈጥናል፤ 1,000 ሜትር ከፍ ባልክ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራልና። ቤንዚንና ናፍጣም ያበላሹታል። ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ ሰው በተለይ ሊጠነቀቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ዲኢኢቲ የሚባል ኬሚካል ያለበት የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ብዙ ዓይነት ፕላስቲክና ጎማ ያሟሟል። እጅህን ተቀብተህ ሳትታጠብ ቢላ ከጨበጥክ የጣትህ አሻራ እጀታው ላይ ሊታተም ይችላል። ሱቅ ስትሄድ ጎማውን በጥፍርህ ጫን በለው። ጥፍርህ ያሳረፈው ምልክት ካልጠፋ፣ ወይም እጅህ ላይ ጥቁር ነገር ከቀረ መልሰህ አስቀምጠው። ወታደር ስለሚመስለው መልኩም አንድ ነገር ልበል። ኬላ ላይ የማያስፈልግ ጥያቄ ያመጣብሃል እንጂ አንድም ነገር አይጨምርልህም።

እንጨት ይበሰብሳል የተባልከው ግማሹ እውነት ነው። የሚበሰብሰው ያልደረቀና ያልተጠበቀ እንጨት ነው። የትኛው እንጨት እንደሆነም ይወስናል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ለእጀታ አልመክረውም። ዋንዛ ለመሥራት ይመቻል፤ ለወንበርና ለጠረጴዛ ግሩም ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ለስላሳ ስለሆነ ሪቬቱ ዙሪያ ይሰረጉዳል። ወይራ ግን ሌላ ነው። ጥቅጥቅ ያለ፣ ከባድ፣ በመፈተግ ቶሎ የማያልቅ እንጨት ነው። አንድ ጠባይ አለው፦ ስታቻኩለው ይሰነጠቃል። ስለዚህ በፀሐይ ሳይሆን በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይደርቅ። ሁለቱን ጫፎች በሰም ወይም በቀለም ድፈናቸው፤ እንጨት ውኃ የሚያወጣውም የሚያስገባውም በጫፎቹ በኩል ይበዛልና። ሁለት ሴንቲ ተኩል ውፍረት ላለው ጣውላ እንደ ልማድ አንድ ዓመት ይሰጠዋል። ዓመት መጠበቅ ካልቻልክ ቤት ውስጥ የከረመ የተሰበረ የወይራ ዱላ ፈልግ። ከዚያ የተሻለ የደረቀ እንጨት ከገበያ አታገኝም።

ቫርኒሽ አትቀባው። ያብረቀርቃል፣ ያሟልጫል፣ ሲላጥ ደግሞ ውኃ ከሥሩ ይዞ ያስቀራል። የተልባ ዘይት ይሻላል፤ አየር ሲያገኘው ይጠነክርና እንጨቱ ውስጥ ይቀራል። ከሱቅ ስትገዛ ለእንጨት ተብሎ የተዘጋጀውን ጠይቅ፤ እሱ ቶሎ ይደርቃል። በስሱ ቀባ፣ ጥረግ፣ አድርቅ፣ ድገም። የኑግ ዘይት በከፊል ብቻ ስለሚደርቅ ለረጅም ጊዜ እጅ ላይ ይጣበቃል። ቅቤማ ጭራሽ አይደርቅም፤ ይሸታል፣ ያዳልጣል። የቀባህበትን ጨርቅ ግን ጨብጠህ ጥግ ላይ እንዳትጥል! የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርግተህ አድርቀው።

ከሁሉም የምመርጠው በጨርቅና በሙጫ የሚሠራውን ነው። ሁለት ዓይነት አለ። ሚካርታ የሚባለው ሸራ፣ በፍታ ወይም ወረቀት ተነባብሮ፣ ፊኖሊክ በሚባል ሙጫ ርሶ፣ በሙቀትና በጫና የተጠፈጠፈ ነው። ጂ-10 የሚባለው ደግሞ የመስታወት ክር ጨርቅ ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ሙጫ የተያዘ ነው። ሁለቱም የተጀመሩት ለኤሌክትሪክ ዕቃ ነው እንጂ ለቢላ አልነበረም። ለእኛ የሚጠቅመን ውኃ ሲነካቸው ይህን ያህል አለማበጣቸው ነው። ክረምትና በጋ ሲፈራረቅ መጋጠሚያው አይከፈትም። የሸራ ሚካርታ ካልተወለወለ ሲረጥብ የበለጠ ይያዛል፤ የሸራው ክር መዳፍህን ይቆነጥጠዋል። ጂ-10 ይበልጥ ይጠነክራል፤ ልሙጥ ሆኖ ከወጣ ግን ያዳልጣል። ስለዚህ ሸካራ ሆኖ የተሠራውን ምረጥ። ሁለቱም ውድ ናቸው። ጎንደር ውስጥ በቀላሉ አይገኙም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ሰው ነው የሚያመጣቸው። ጣውላውን አግኝተህ ለቀጥቃጭህ ከሰጠኸው ያለ ማስክ እንዳይቆርጠው ንገረው። የጂ-10 ብናኝ የመስታወት ብናኝ ነው። ውኃ እያርከፈከፉ መፈግፈግ ይሻላል። ቤት ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት፣ በፍጹም አይሠራ።

ሙሉ ብረት የሆነ እጀታ ተወው። ውርጭ ሲጥል ሙቀት ከጣትህ ይመጥጣል፤ ሲረጥብም ያመልጣል። ገመድ የተጠመጠመበትም ጥሩ አይደለም። ገመዱ ላብ፣ ደምና ጭቃ ይዞ ይቆያል፤ አይደርቅም፤ ከሥሩ ብረቱን ያዝጋል። ከቆዳ የተነባበረ እጀታም ለእኛ ክረምት አይሆንም።

ቀለም ላይ ደግሞ ሰዎች በጣም ይሳሳታሉ። የመስክ ቢላ ቀለም ለጌጥ ወይም ለመደበቅ አይደለም፤ የወደቀ ቢላ እንዲገኝ ነው። አረንጓዴ፣ ቡናማና ጥቁር እጀታ የተሠራው መታየት ለማይፈልግ ሰው ነው። አንተ ማንም አያሳድድህም። የጠፋብህን ቢላ ጉም ውስጥ በእግርህ መፈለግ ግን ሊመጣብህ ይችላል፤ የተሳለ ቢላ በሣር ውስጥ በእግር ፈልጎ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ አስበው።

ቦታችንን ተመልከት። ከጥቅምት በኋላ ስሜን ላይ ጓሳው እየገረጣ ይሄዳል፤ መሬቱ ቡናማ ነው፤ ድንጋዩ ጥቁር። የወይራ እጀታ ያለ ቀለም እዚያ ላይ ከወደቀ ጠፋ ማለት ነው። ቢጫስ? ደማቅ ስለሆነ ይታያል ትላለህ። በመስከረም ግን አደይ አበባ ሜዳውን ሲሞላው ቢጫ እጀታ ምኑ ይለያል? በበጋው ደግሞ ከገለባው ጋር ይመሳሰላል። ቀይ ቀን ላይ ጥሩ ነው። ሲመሽ ግን ከሁሉም ቀድሞ የሚጠቁረው ቀይ ነው። በደብዛዛ ብርሃን ዓይናችን ለቀይ ይደክማል፣ ለሰማያዊና ለአረንጓዴ ይበረታል፤ ይህን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገለጸው ፑርኪንዬ የሚባል የቼክ ሳይንቲስት ነው። ቢላ የሚጠፋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምሽት ላይ ነው፤ ድንኳን ሲተከልና እሳት ሲቀጣጠል። በዚያ ላይ ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸገሩ ወንዶች ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቹ ራሳቸው አያውቁትም።

ብርቱካናማ ላይ የምጸናው ለዚህ ነው። ከአረንጓዴም፣ ከቡናማም፣ ከጥቁር ድንጋይም ይለያል፤ ሲመሽም ከቀዩ ዘግይቶ ይጠፋል። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታብህ ከሆነ ደማቅ ሰማያዊ ያዝ፤ መሬት ላይ ብዙ የማይገኝ ቀለም ነው፤ ጀምበር ስትጠልቅም ይበረታል። ጨለማ ውስጥ ግን የትኛውም ቀለም አያድንህም። ለዚያ መኪና ላይ የሚለጠፈው መብራት መላሽ ፕላስተር አለ። ጣት የሚያህል ቁራጭ እጀታው ጫፍ ላይ ለጥፍ፤ የግንባር መብራትህ ሲነካው ያበራል። ሌላም ጥያቄ አለ፦ ቀለሙ ከላይ የተቀባ ነው ወይስ ከውስጥ የተዋሐደ? የተቀባ ከሆነ መዳፍህ የሚነካው ቦታ ቀድሞ ይላጣል። ጂ-10 ላይ ቀለሙ እስከ ውስጥ ይዘልቃል፤ ቢፋቅም ያው ነው። ቆላ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ጥቁር እጀታ ፀሐይ ላይ ከተተወ መጨበጥ እስኪያስቸግር ይግላል።

ደማቅ ቀለም አውሬ ይጠራል የሚለው ልክ አይደለም። ጅብና ሌሎች ሥጋ በሎች ቀለም የሚያዩት ከእኛ ባነሰ ሁኔታ ነው፤ ብርቱካናማና አረንጓዴ ለእነሱ ይቀራረባሉ። ጭላዳ ግን እንደ እኛ ቀይን ይለያል፤ ወንዱ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም። ቢሆንም ጭላዳ የሚኖረው ሣር እየነጨ ነው፤ የቢላ እጀታ ምን ያደርግለታል? አውሬ የሚጠራው ሽታ ነው። ሥጋ ቆርጠህበት ሳታጥብ ድንኳን በር ላይ የተውከው ቢላ፣ ቀለሙ ምንም ቢሆን፣ ይጠራል። እጀታውን ከነመጋጠሚያው እጠበው፣ አድርቀው፣ ሰገባው ውስጥ ክተተው። የቆዳ ሰገባ ከረጠበ ቢላውን ውስጡ አታሳድር።

ምክሬ ይህ ነው። አቅምህ ከፈቀደ ጭራው ሙሉ የሆነ፣ እጀታው ሸካራ ጂ-10 የሆነ ብርቱካናማ ቢላ ግዛ። አሁን የማይቻል ከሆነ ጊዜህን አታባክን፤ ቀጥቃጭህ ጋር ተመለስና ቀንዱን ትቶ በደረቀ ወይራ ይሥራልህ። ጭራው እስከ እጀታው ጫፍ ይድረስ። ቁራጮቹ ከብረቱ ጋር በኢፖክሲ ይጣበቁ፣ ከዚያ በሪቬት ይመቱ፤ ኢፖክሲው የሚያስፈልገው ለማጣበቅ ብቻ ሳይሆን ውኃ እንዳይገባ ለመድፈንም ነው። በሙቀት ስለሚለሰልስ ቢላውን እሳት ዳር አትተው፣ አትቀቅለውም። ወይራው ቡናማ ስለሆነ እጀታው ጫፍ ላይ ቀዳዳ አስበሳና አጭር ብርቱካናማ ገመድ እሰርበት፤ ከጎኑ መብራት መላሹን ፕላስተር ለጥፍ። ገመዱን ስትፈልጥ አንጓህ ላይ አታጥልቀው። ቢላው ካመለጠህ ዞሮ ወደ አንተ ይመጣል።

ሁለት ነገር ደግሞ ሥራህን ይመለከታል። ፓርኩ ውስጥ ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው፤ ጥሩ ቢላ መያዝህ አስታ ወይም ጅብራ ለመቁረጥ ፈቃድ አይደለም። እንግዳህ የራሱን ቢላ ይዞ ከመጣ ደግሞ ሲመለስ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዲከተው አስታውሰው፤ አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ አያስገቡትም።

ሪቬቱ ከመመታቱ በፊት ራስህ ሄደህ ጨብጠው። አራት ጣቶችህ እጀታው ላይ ገብተው ትንሽ መትረፍ አለበት። ከስለቱ ዘንድ ያለው ጫፍ ወጣ ብሎ ጣትህን የሚያቆም ይሁን፤ መሐሉ ሞላ ይበል፤ ማዕዘኖቹ ይከርከሙ፣ አለዚያ መዳፍህ ውኃ ይቋጥራል። ከዚያ እጅህን በሳሙና አርጥበህ፣ ስለቱ ሰገባው ውስጥ እንዳለ፣ ጫፉን ጣውላ ላይ ጫን አድርገው። እጅህ ወደ ፊት ከተንሸራተተ ቀጥቃጩ እንደገና ይፈግፍገው። በጓንት እጅም ሞክረው፤ ጨነቅ ላይ ጠዋት ያለ ጓንት አትሠራም።